ታብሌቱን የያዝኩበት ክረምት

ሰኞ 2

ዛሬ መወልወያዬን ተቀብለው ታብሌት ሰጡኝ። አስራ ሁለት ዓመት የጨቅላ ሕፃናት ክፍሉን ወለል ሳጸዳ “አንቺ” ብለው የሚጠሩኝ ሰዎች ዛሬ ጠዋት ሰብሰብ ብለው አጨበጨቡልኝ። ወደው አይደለም። አንዷ ነርስ ስድስት ሕፃን ይዛ ለቤተሰብ መደወያ ጊዜ ከየት ታምጣ? የነርሶቹ ኃላፊ፣ በልቤ ብረቷ የምላት፣ “ያ የማያርፍ ምላስሽ እስቲ ለሥራ ይዋል” አለችኝ። ምርቃት መሆኑ ነው።

ረጅሙ ዶክተር ከላይ እስከ ታች አየኝና “ትምህርትሽ እስከ ስንት ነው?” አለኝ።

“እስከ አራት። ከዛ ወዲህ ያለውን እናንተ ግድግዳ ላይ ከለጠፋችሁት ነው የተማርኩት።”

የሕክምና ተማሪዎቹ ሳቁ። እሱ አልሳቀም። አይሳቅ።

ሥራው ይሄ ነው። ክፍሉ ውስጥ ኢንፌክሽን ገብቷል፣ ቤተሰብ ለጊዜው እንዳይገባ ታግዷል። ጠዋት ሦስት ሰዓት ዶክተሮቹ ከማሞቂያ ማሞቂያ ሲዞሩ እኔ ታብሌቱን የግሉኮስ ማንጠልጠያው ብረት ላይ አስሬ እየገፋሁ እከተላለሁ። ለየሕፃኑ ቤተሰብ በቪዲዮ እደውላለሁ። ልጃቸውን ያያሉ፣ ዶክተሩን ይሰማሉ፣ ይጠይቃሉ። ከሰዓት ደግሞ ብቻዬን መልሼ ደውዬ ያልገባቸውን በሰው ቋንቋ አስረዳቸዋለሁ። ከዛ የጥሪ መዝገቡ ላይ እሞላለሁ። ይኸው ነው። ማንም የሚችለው ነገር ይመስላል። ይሞክሩታ!

ረቡዕ 4

ሃያ ሁለት ጥሪ። ጉሮሮዬ ነዷል።

አንዱ አባት አውቶቡስ ውስጥ ቆሞ አነሳው። ዶክተሩ “ቢሊሩቢኑ ወርዷል” ሲለው ሰውየው ደነገጠ፣ ተሳፋሪው ሁሉ “ምን አለ? ምን አለ?” ማለት ጀመረ። “ቢጫነቱ ቀነሰ ነው የሚልህ!” ብዬ ስጮህ አውቶቡሱ ሙሉ “እልልል!” አለ። ሹፌሩ ጥሩምባ ነፋ። ዶክተሩ ጆሮውን ያዘ።

እናቶቹ “እትዬ ታብሌት” ይሉኛል። ዶክተሩ ሲያስረዳቸው “እሺ፣ እሺ” ይላሉ፣ እሱ ዞር ሲል “እትዬ፣ ምን አሉ?” ይሉኛል። እንግዲህ ማነው ዶክተሩ?

ሐሙስ 5

ዘጠኝ ቁጥር ማሞቂያ ውስጥ ስላለችው ሕፃን ልጻፍ። አምቡላንስ ከሩቅ ከተማ ያመጣት ናት፣ አንድ ኪሎ ከመቶ ሃምሳ ግራም። እናትየው እዛ በኦፕራሲዮን ወልዳ ስፌቷ ስለተከፈተ እዛው ቀረች። ይዟት የመጣው የአባትየው ወንድም ፈርሞ በዛው ማታ ተመለሰ። አባትየው መንገድ ሥራ ላይ ነው፣ ስልክ የማይገባበት። እናትየው አማቷ ቤት ተኝታ፣ የወለደቻትን ልጅ አንድም ቀን በዓይኗ ሳታይ። ዛሬ ነው የተዋወቁት፣ በኔ እጅ።

“እትዬ፣ ይቺ ናት?”

“ይቺ ናት።”

“ትንሽ ናት።”

“ጠብታ ናት” አልኳት።

እናትየው ልብስ ሰፊ ናት፣ ሃያ ዓመት ቢሆናት ነው። ዓይኗን ጠበብ አድርጋ ለካቻትና “ከመሐረብ ቀሚስ ይወጣላታል፣ ትራፊም አለው” አለች። ሳቅን። ከዛ እሷ ሳቋ መሀል ላይ አለቀሰች፣ እኔ ደግሞ ካሜራውን ትንሽ አቀረብኩላት።

ጠብታ። ስሙ አፌ ላይ ቀረ።

ቅዳሜ 7

መብራት ጠፋ፣ መጣ፣ ጠፋ። ጠብታ መተንፈስ ረሳች። ነርሷ እግሯን ኮርኮር ስታደርጋት ተመለሰች። ሰማያዊ ሆና ነበር።

ለእናትየው ስደውል አልነገርኳትም። እዛ ሆና ምን ታረጋለች? አልዋሸሁም። ዝም ነው ያልኩት።

ረቡዕ 11

እገዳው ተነሳ! እናቶቹ በር ላይ ተሰልፈው እስከ ክርናቸው እየታጠቡ ገቡ። ለሁሉም ደወልኩ፣ “ኑ፣ ተከፍቷል!” እያልኩ። አንዷ ስልኩን ሳትዘጋው ሮጠች፣ ጫማዋ ሲንኳኳ ነው የሰማሁት።

ዘጠኝ ቁጥር ጋ ስደውል ኔትወርክ አልነበረም። አንዴ ነው የሞከርኩት።

ሐሙስ 12

“አሁንም ዝግ ነው እትዬ?” አለችኝ የጠብታ እናት።

“አንቺ መጀመሪያ ስፌትሽ ይድረቅ” አልኳት።

ይሄ ውሸት ነው? ስፌቷ ክፍት ነው። ዝናቡ አላቆመም። መንገዱ በዚህ ጭቃ አንድ ቀን ተኩል ይፈጃል። አማቷ ከኋላ “ምን አለች ሴትየዋ? ይግቡ አለች?” ስትል ሰማሁ። ልጅቷ “ገና ነው” አለቻት። እኔ ገና ነው አላልኩም። እሷ ናት ያለችው።

መዝገቡ ላይ “ተነግሯታል” ብዬ ሞላሁ። ቦታው ጠባብ ነው። ምን እንደተነገራት አያስጽፍም።

ዓርብ 13

ለብረቷ “የዘጠኝ ቁጥር እናት ጠዋት ኔትወርክ አያገኛትም፣ ከሰዓት ብቻ ልደውልላት” አልኳት። “እንደፈለግሽ” አለች። ሥራ በዝቶባታል።

ቤት ስገባ አብራኝ የምትኖረው እህቴ “ምነው ዛሬ እያንጎራጎርሽ?” አለችኝ። እያንጎራጎርኩ አልነበረም።

ሰኞ 16

ይሄን ነገር በደንብ ልጻፈው፣ ምክንያቱም ነገ ሰው ሌላ ያወራል።

ዛሬ ጠዋት ረጅሙ ዶክተር ጠብታ ጋ ቆሞ “ኦክስጅን አቁመናል፣ አሁን የሚያስፈልጋት ማሞቂያ ሳይሆን ደረት ነው። ቆዳ ለቆዳ፣ በቀን ቢያንስ አራት ሰዓት። እናትየው የታለች?” አለ። ሁሉም ወደኔ ዞሩ። ታብሌቱም፣ ባዶ ሆኖ፣ ወደኔ የዞረ መሰለኝ።

“እያመነታች ነው” አልኩ።

ከየት አመጣሁት? ቃሉ ራሱ መጣ። አመነታች ማለት እምቢ አለች ማለት አይደለም። እኔ እምቢ አለች አላልኩም።

“እንድትመጣ ንገሪያት፣ አስቸኳይ ነው በያት” አለና አለፈ። ብረቷ ግን አላለፈችም። ጠብታን አየች፣ እኔን አየች። “ሳንባሽን ተመርምረሻል አይደል? ታጠቢ፣ ጋውን ልበሺ። እናትየው እስክትደርስ የሚይዛት ሰው ያስፈልጋል፣ ነርስ ደግሞ የለኝም።”

እንደዛ ሆኖ ነው። እኔ አልለመንኩም።

ወንበሩ ላይ አስደግፈው ደረቴ ላይ አስቀመጧት። ክብደት የላትም፣ ሙቀት ብቻ ናት። ሽቦዎቿ በክንዴ ላይ ወርደው። መጀመሪያ ተንጫጫች፣ ከዛ ጆሮዋን ልቤ ላይ ለጥፋ ዝም አለች። እኔም ዝም አልኩ። አራት ሰዓት ሙሉ! ተረኛዋ ነርስ “አሟት ነው?” ብላ ጓደኛዋን ስትጠይቅ ሰማሁ።

ከሰዓት ደወልኩ። “እትዬ ዛሬ እንዴት ዋለች?” አለችኝ። “ጥሩ እንቅልፍ ተኛች” አልኳት። እውነት ነው። የት እንደተኛች አልጠየቀችኝም።

ለእህቴ ነገርኳት። ወጥ ቤት ቆማ ሰሃን ታጥባለች። “አንቺ ያኔ ያጣሻት ሕፃን...” ብላ ጀመረችና ቧንቧውን ከፈተችው። ያኔ የሆነው ያኔ ቀርቷል። ይሄ ሥራ ነው። ታዘዝኩ፣ ሠራሁ።

ረቡዕ 18

ሃያ አምስት ግራም ጨመረች። ሃያ አምስት! ለረጅሙ ዶክተር እኔው ቀድሜ ነገርኩት።

“እናትየውስ?”

“ነግሬአታለሁ።”

ሐሙስ 19

ሁለት ነርሶች መድኃኒት ሲቀዱ፦

“ዘጠኝ ቁጥርን እናቷ ጥላት ነው አይደል?”

“በስልክ ‘የኔ ቆንጆ’ ማለት ቀላል ነዋ። መጥቶ መያዝ ነው ከባዱ።”

“የዘንድሮ እናት!”

ደሜ ፈላ። ልናገራቸው አፌን ከፈትኩ። ምን ብዬ? ዘጋሁት። በጣም የሚያናድደኝ ሰው የማያውቀውን ሲያወራ ነው።

እሁድ 22

የዕረፍት ቀኔ ነው። ገባሁ። ያለኔ ማን ይይዛታል?

የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛዋም ለካ እሁድ ትሠራለች። ቀጭን ናት፣ ስታወራ ወረቀት ታስተካክላለች። በራችን ከተከፈተ አስራ አምስት ቀን ድረስ ማንም ካልመጣ ልጅ እንደተተወ ይቆጠራል፣ ፋይሉ ወደ ሕፃናት ማሳደጊያ ይሄዳል አለችኝ። ሐሙስ አስራ አምስተኛው ቀን ነው።

“እና ከማሳደጊያው... ለምሳሌ እዚህ የሚሠራ ሰው ልውሰዳት ቢል?”

ወረቀት ማስተካከሏን አቆመች። “ለምን ጠየቅሽ?”

“ለጓደኛዬ።”

“ጓደኛሽ ማመልከት ትችላለች” አለች፣ እያየችኝ።

ሰኞ 23

ዛሬ ጠብታን ይዤ ነው የደወልኩት። ታብሌቱን ከፊቴ አቁሜ፣ ካሜራውን ወደሷ ፊት ብቻ አጥብቤ፣ የኔ ደረት እንዳይታይ ፎጣ ሸፍኜ። ለምን ሸፈንኩት? እንጃ። ብርድ ነበር።

“ፊቷ ሞላ ብሏል!” አለች። “እትዬ፣ በየሦስት ሰዓቱ ጡቴን አልባለሁ። አማቴ ደጅ ትደፋዋለች። ‘ማን ሊጠጣው ነው?’ ትለኛለች። እኔ ግን እንዳይደርቅብኝ ነው። ሲከፈት ባዶ ደረት ይዤላት እንዳልመጣ።”

“ጎበዝ” አልኳት። ጎበዝ!

ከዛ ድምፅዋ ተለወጠ። “ከኋላሽ ያለችው ሴትዮ ማናት?”

ዞር አልኩ። የአምስት ቁጥር እናት፣ ጋውኗን ከፍታ፣ ልጇን ደረቷ ላይ አድርጋ እያዋራችው ነው።

“ነርስ ናት።”

“ነርስ ደረቷን ትገልጣለች?”

“ኔትወርኩ... አልሰማሽም” አልኩና ዘጋሁት።

መልሳ ደወለች። አላነሳሁም። እንደገና። ጠብታ በጥሪው ንዝረት ነቃች፣ አለቀሰች።

ማክሰኞ 24

ሦስት ጊዜ እጄን ታጠብኩ፣ ሦስቱንም መታጠቤን ረስቼ። የአምስት ቁጥርን ውጤት ለስምንት ቁጥር አባት ነገርኩ። ለመጀመሪያ ጊዜ ነው የተሳሳትኩት፣ ብረቷ “ምን ነካሽ?” አለችኝ።

እዛ ስደውል ስልኳ ተይዟል። ከማን ጋር ነው የምታወራው?

ልጅቷ ምን አላት እኮ? የተውሶ ክፍል፣ የሌለ ባል፣ ወተት የምትደፋ አማት። እኔ ደሞዝ አለኝ። ቤቴ ከዚህ በእግር አስር ደቂቃ ነው። የሕፃን ትንፋሽ ሲቋረጥ ምን እንደሚደረግ አውቃለሁ፣ እሷ ታውቃለች? ይሄን ስጽፍ ቆየሁ። ከዛ አነበብኩት። የማን ጽሑፍ ነው ይሄ?

ረቡዕ 25

ቀጭኗ ወረቀት ይዛ መጣች። “እናቲቱ በስልክ ሦስት ጊዜ ተጠርታ ለመምጣት ፈቃደኛ ባለመሆኗ...” ይላል። ከታች፦ ጥሪውን ያስተላለፈችው ሠራተኛ ስም፣ ፊርማ።

“መዝገቡን አይቼዋለሁ” አለች። “በሦስቱም ቀን ‘ተነግሯታል’ ይላል። ትክክል ነው?”

ስንት ዓመት ፊርማዬን የጠየቀኝ ሰው የለም። የደሞዝ ወረቀት ላይ ብቻ። እስክሪብቶውን ያዝኩት። ጠብታ ደረቴ ላይ ነበረች፣ ፊርማው ቦታ ላይ ለመድረስ ጎንበስ ማለት ነበረብኝ፣ ጎንበስ ስል ተጨነቀች፣ ተንጠራራች።

“ነገ ልፈርም” አልኩ።

“ነገ የመጨረሻው ቀን ነው።”

“ገብቶኛል እኮ!” ብዬ ጮህኩባት። ክፍሉ ሁሉ ዞሮ አየኝ።

እህቴ በሬን አንኳኩታ “ተኚ” አለችኝ። መብራቱን አጠፋሁት፣ መልሼ አበራሁት። ሕፃኗን ማሳደጊያ የሚልካት ወረቀቱ ነው፣ እኔ አይደለሁም። እናትየውም ብትሆን ከሰኞ ጀምሮ ጠርጥራ ለምን ተነስታ አልመጣችም? ምክንያቱም እኔን አምና ነው። “አንቺ ካለሽ ይበቃኛል” ያለችኝ ልጅ ናት። እኔን።

ሐሙስ 26

አጭር ነው።

ሦስት ሰዓት ላይ፣ ዶክተሮቹ ዘጠኝ ቁጥር ጋ ሲደርሱ፣ ደወልኩ። በመጀመሪያው ጥሪ አነሳችው።

“ጠዋት ኔትወርክ የላትም አልተባለም?” አለ ረጅሙ ዶክተር።

ካሜራውን ለመጀመሪያ ጊዜ ወደራሴ አዞርኩት።

“ስሚኝ። በሩ ከተከፈተ አስራ አምስት ቀኑ ነው። ያልነገርኩሽ እኔ ነኝ። ዶክተሩ ነይ ብሎሽ ነበር፣ እሱንም አልነገርኩሽም። ሰኞ ያየሻት ሴትዮ እናት ናት። ዛሬ ካልተናገርኩ ልጇን ጥላለች ብለው ሊጽፉብሽ ነው። ተነሽና ነይ።”

ብረቷ የብረቱን ማንጠልጠያ ጫፍ ያዘች።

ልጅቷ አልሰደበችኝም። ፊቷን ከስልኩ አዞረችና ቤት ውስጥ ላለ ሰው “ዛሬ የሚወጣ መኪና አለ?” አለች። ከዛ ስልኩ ወደቀ መሰለኝ፣ ጣሪያ ብቻ ታየኝ። ቆርቆሮ። ጣሪያውን ሁላችንም ቆመን አየነው።

ቀጭኗ ወረቀቷን አጠፈችና ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

ዓርብ 27

ታብሌቱ ተወሰደ። የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደረሰኝ። ያላባረሩኝ ወለሉን የሚያጸዳ ሌላ ሰው ስለሌለ ነው፣ እንዲህም ብለው ነገሩኝ። ጠብታን ብረቷ ራሷ ይዛት ዋለች፣ እኔ ከመስታወቱ ውጪ።

“ለምን?” አለችኝ ብረቷ በኋላ። አስራ ሁለት ምክንያት ነበረኝ፣ ማታ ማታ ያጠናሁት።

“አላውቅም።”

“ታውቂያለሽ” አለችኝ። ቁጣ ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

ቅዳሜ 28

መጣች። ጭቃው እስከ ጉልበቷ፣ ሆዷን በጨርቅ ጠፍራ፣ አንድ እጇ ስፌቱ ላይ። መግቢያው ላይ እየወለወልኩ ነበር።

“እህቴ፣ መታጠቢያው በየት ነው?” አለችኝ።

አላወቀችኝም! ካሜራው ከዛች ከአንዷ ደቂቃ በቀር ሁልጊዜ ወደ ሕፃኗ ነበር፣ አሁን ደግሞ ጭንብል አድርጌአለሁ። የምታውቀው ድምፄን ነው። አፌን ከከፈትኩ አለቀ።

በእጄ ጠቆምኳት።

“ተባረኪ” ብላኝ ገባች። ባልዲውን ይዤ ደረጃው ሥር ተቀመጥኩ።

ሰኞ 30

ጠብታ ሃያ ግራም ጨመረች ሲሉ ሰማሁ። እኔን ፈልጋ ትከሳለች ብዬ ነበር። አልከሳችም።

ሁለት ቀን ሙሉ ከሰው ጋር አልተነጋገርኩም። ነርሶቹ እኔ ሳልፍ ዝም ይላሉ፣ ካለፍኩ በኋላ ይጀምራሉ።

ማክሰኞ 1

አንዱ ተማሪ እየሮጠ መጣ። “ወለሉ እርጥብ ነው፣ አንገትህን ትሰብራለህ!” ብዬ ጮህኩበት። ሳላስበው።

ወንበሩ ላይ የተቀመጠችው ቀና አለች። ሕፃኗ ደረቷ ላይ ናት።

“አንቺ ነሽ።”

“እኔ ነኝ።”

“መታጠቢያውን ያሳየሽኝም አንቺ ነሽ።”

“አዎ።”

ጥፊ ቢሆን ፊቴን አዘጋጅቼ ነበር። እሷ ግን ዓይኗን ጠበብ አድርጋ አየችኝ፣ ጨርቅ ስትለካ እንደምታየው።

“ነርሶቹ ነገሩኝ። አንቺ ነሽ አሉ የያዝሻት። ስንት ቀን?”

“አስር።”

“በቀን?”

“አራት ሰዓት።”

“አርባ ሰዓት” አለች። “የኔ ነበረ።”

“አዎ። ያንቺ ነበረ።”

ይቅርታ ልላት ጀመርኩ፣ በእጇ አቋረጠችኝ። “እሱን ተይው። ቁጭ በይ። አርባውንም ሰዓት ትነግሪኛለሽ። እንደሆነው። ደግሞ እንዳታሳምሪው።”

ወንበር የለም፣ ባልዲውን ገልብጬ ተቀመጥኩ።

“መቼ ነው መጀመሪያ ዓይኗን የገለጠችው?”

“በሁለተኛው ቀን። ግራውን ብቻ።”

“ከዛስ?”

“ከዛ አስነጠሳት። ራሷ ደነገጠች።”

ልትስቅ ነበር፣ ተወችው። “ከዛስ?”

ነገርኳት። አንዳንዱን ስነግራት እኔኑ ይቆርጠኛል፣ መስጠት ነውና። አንዳንዱ ላይ “ቆይ” ትልና ዓይኗን ትጨፍናለች፣ ከዛ “ቀጥዪ” ትለኛለች። ስታለቅስ ዝም ስል “አቁሚ አላልኩሽም እኮ” አለችኝ። ነርሶቹ ባጠገባችን እያለፉ ምንም አላሉም። አምስተኛው ቀን ላይ ስንደርስ መመገቢያ ሰዓት ሆነ። ሕፃኗን አዙራ ጡቷ ላይ አደረገቻትና ጀርባዋን ሰጠችኝ። ተነስቼ ባልዲዬን አነሳሁ።

“ነገ ከስድስተኛው” አለች፣ ሳትዞር።